ያልተቆጠሩ ደቂቃዎች

ሔርሜላ ብስክሌት መንዳት ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ሞቷን ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። ጠዋት ከበር ስትወጣ የቡና ጭነት መኪና ሲጥላት ይታየኛል። ስትዘገይ ድልድይ ሥር ወድቃ ትታየኛለች። የማላውቀው ቁጥር ስልኬ ላይ ሲጠራ፣ ገና ሳላነሣው ምን ለብሼ ወደ ሆስፒታል እንደምሮጥ አስቤ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ የሞያሌ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው በወር አንድ ሁለቴ ነው። እሱም ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢያስብ መንገድ የሚባል ነገር አይሠራም ነበር እያለ ይስቅብኛል።

ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ አሰልጣኝ ጴጥሮስ ልጅዎን ለዞኑ ቡድን ይስጡኝ ብሎ ሲመጣ እንቢ አልኩ። ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ እንቢታዬን ሰምታ ሦስት ቀን ሳታናግረኝ ዋለች። በአራተኛው ቀን ተሸነፍኩ፤ ብዙ ነገር አስምዬ ነው ግን የተሸነፍኩት። ሄልሜቷን ላታወልቅ፣ ቀዩን ሰደርያ ላትረሳ፣ ይርጋጨፌ ስትደርስ ልትደውል፣ ከመኪና ኋላ ተጠግታ ላትነዳ፣ ለቅዱስ ገብርኤል የተሳልኩትን የነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም፣ ዝናብ ከያዘ ልትመለስ። ሁሉንም እሺ አለች። ለዚያች ብስክሌት ስትል ሌላም ብጨምርባት እሺ ትል ነበር።

ዲላ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ኋላ ወደ ኮምፒዩተር የዞርኩ ሴት ነኝ። ለቡድኑ ከሐዋሳ ሦስት አሮጌ የብስክሌት ጂፒኤስ ሲመጣ አንዱ ለሔርሜላ ደረሳት። የክብሪት ሣጥን የምታክል ነገር ናት፤ መሪው ላይ ትታሰራለች። ደረት ላይ የሚጠለቅ የልብ ምት የሚለካ ቀበቶም አላት። ጴጥሮስ ኮምፒዩተር ስላልነበረው የሔርሜላን መረጃ እየገለበጥኩ በሳምንት አንድ ገጽ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ርቀት፣ የፈጀው ጊዜ፣ አማካይ ፍጥነት። ቀኑንም ከመሣሪያው ጋር እንዲመሳከር በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳለ እንድጽፈው ነገረኝ። ደስ አለኝ። ልጄ ከዓይኔ ርቃ የምታደርገውን ሁሉ የምትናገር ዕቃ እጄ ገባች ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት ቁጥር 214 ነው። ከፍተኛ የልብ ምት ይላል። በአንድ ወቅት ለጤና ጣቢያ በራሪ ወረቀት ስተይብ የሰው ልብ በደቂቃ ከስልሳ እስከ መቶ እንደሚመታ ጽፌ አውቃለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሲመታ ምን እንደሚሆን ወረቀቱ አይልም፤ እኔ ግን ታየኝ። ሱቄን ከፍቼ እንደተውኩት ወደ ስታዲየም ሮጥኩ። ሔርሜላ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ ሸንኮራ እየላጠች ትስቃለች። ጴጥሮስ ወረቀቱን አየና እሱም ሳቀ።

"ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ቀበቶው ሲደርቅ ይዋሻል። ላብ ሲነካው እውነት ይናገራል።"

አላመንኩትም። ሱቅ ተመልሼ መረጃውን ከሥር ከመሠረቱ ከፈትኩት። ያኔ ነው ከአንዱ ገጽ በስተጀርባ ረጅም ሠንጠረዥ መኖሩን ያወቅኩት። በየሴኮንዱ አንድ መስመር አለ፤ ሰዓቷ፣ ያለችበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ፍጥነቷ፣ የልቧ ምት። መስመር በመስመር ወረድኩ። ያቺ ክፉ ቁጥር የምትመጣው ሁልጊዜ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች፣ ከከተማው መውጫ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ገና ሳያልባት ነው። ከ118 ተነሥታ በአንድ ሴኮንድ 214 ትሆንና ተመልሳ 120 ትገባለች። እውነተኛ ልብ እንዲህ አይዘልም። ጴጥሮስ ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቡድኑ ልጆች ስም አወጡልኝ። በአጠገባቸው ሳልፍ "ሁለት መቶ አሥራ አራት መጣች" ይባባላሉ። ሔርሜላ እንኳ ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ያመልጣታል። ስቄ አለፍኩት፤ ግን ከዚያ ወዲያ ፈራሁ ብዬ አፌን ለመክፈት የምደፍር ሰው አልነበርኩም።

ሠንጠረዡን ማየት ግን አልተውኩም። ከወናጎ በላይ አራት ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት አለ፤ ወደ ይርጋጨፌ ስትሄድ ሁልጊዜ ትወጣዋለች። አማካይ ፍጥነት የሚባለው ነገር ነፋሱንም፣ ቁልቁለቱንም፣ ከብት ያቋረጠበትንም አንድ ላይ ስለሚቀላቅል ምንም የማይነግረኝ መሰለኝ። ስለዚህ ያንን ዳገት ብቻ ከየመረጃው እየቆረጥኩ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ስንት ደቂቃ ፈጀባት፣ ልቧ ስንት መታ። በጥቅምት ወርና ከዚያም በኋላ እስከ ኅዳር እኩሌታ ድረስ በአሥራ አራት ደቂቃ ትወጣዋለች፤ ልቧ 162 አካባቢ ነው። አንዳንዴ 160፣ አንዳንዴ 164። ያ ቁጥር ከመጥፎ ሐሳቤ ሁሉ የሚያሳርፈኝ ሆነ። ሥራ ፋታ ሲሰጠኝ ከፍቼ አየዋለሁ።

ከዚያ ተበላሸ።

መጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ፣ 171። ቀጥሎ አሥራ ስድስት ደቂቃ፣ 176። ከዚያ ደግሞ እንደ ድሮው አሥራ አራት ደቂቃ፣ 163፤ ተመስገን አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና አሥራ ስድስት ተኩል፣ 178። ዳገቱ ያው ነው። ብስክሌቷም ያቺው ናት። በዝግታ እየወጣች ልቧ ግን አብዝቶ ይመታል። ይኼ የቀበቶው ውሸት እንዳይሆን ብዬ መስመር በመስመር አየሁት፤ አይዘልም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ሰው እንደሚደክም ነው። ከቀኖቹ ጎን ዕለቱን ጻፍኩ። ክፉዎቹ በሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። ቅዳሜዎቹ ደህና ናቸው።

ከዚያ የባሰውን አየሁ። መሣሪያዋ ብስክሌቱ ሲቆም ቆጠራዋን ራሷ ታቆማለች፤ ለዚህ ነው ለጴጥሮስ የምሰጠው ገጽ ላይ ምንም የማይታየው። ረጅሙ ሠንጠረዥ ላይ ግን ሰዓቱ ይዘላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሁለት ሲል የነበረው መስመር፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ይላል። ቦታው አልተንቀሳቀሰም። በመሃል አሥራ አንድ ደቂቃ የለም። በሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የለም። ከዚያ ሃያ ሦስት። ሁልጊዜ እዚያው ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ቅዳሜ አትቆምም።

ሴት ልጅ ያላት ሰው እኔ ያሰብኩትን ያውቀዋል። ቅዳሜ ቡድኑ አብሮ ነው የሚወጣው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ብቻዋን ናት። በእነዚያ ቀኖች አንድ ሰው እዚያ ይጠብቃታል። ወይ ወዳው ነው፣ ወይ አስገድዷት ነው፤ ልቧ ገና ዳገቱን ሳትጨርስ የሚመታው ወደ እሱ ስለምትሄድ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። ለሰው ሲቪ ስተይብ "የትውልድ ዘመን" የሚለው ቦታ ላይ የሔርሜላን ጽፌ ሰጥቻለሁ።

እሷን በዘዴ ጠየቅኳት። ዳገቱ ላይ ትቆሚያለሽ ወይ አልኳት። ጎማ አየር ስለሚቀንስ ነው አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ልብሷ መልሳ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጎማ የሚነፋ ማን ነው? ግን ዝም አልኩ። ብናገር ሰውየው ቦታ ይቀይራል፣ ያኔ ጨርሶ አላገኛትም ብዬ ፈራሁ።

ከሱቄ ጎን ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው ፈይዛ ብቻ ነበረች የምነግራት። ዝርዝሩን አሳየኋት።

"ብዙዬ፣ ሰው ልጁን በዓይኑ ያያል እንጂ በቁጥር ይሰልላል እንዴ?" አለችኝ። "ሂጂና እይው።"

ማክሰኞ ታኅሣሥ ሰባት ቀን፣ ሔርሜላ ገና ሳትነሣ፣ ኪዳን ላደርስ ነው የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። በእግዚአብሔር ስም መዋሸቴ እንደሚያስቀስፈኝ እያሰብኩ የወናጎን ሚኒባስ ያዝኩ። ከወናጎ በባጃጅ ወደ ላይ ወጥቼ፣ ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቦታ ከመንገዱ መታጠፊያና ከኪሎ ሜትሩ ድንጋይ አገናኝቼ አገኘሁት። በስተግራ ቡናና እንሰት ነው፣ በስተቀኝ ገደላማ ነው። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብዬ ቡናው መሃል ገባሁ። ጤዛው ቀሚሴን አራሰው። ሰውየው ከኋላዬ ቢመጣስ ብዬ አንድ ድንጋይ አነሣሁ።

ከኋላዬ የመጣችው ግን ቅርጫት የታቀፈች ቡና ለቃሚ ናት፣ ጌዴኦ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል። ድንጋዩን አይታ ፈገግ አለች። መኪና ነው የምትጠብቂው አለችኝ። ብስክሌት የሚነዳ ሰው እዚህ ይቆማል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"እሱ?" አለች። "ይቆማል። ማክሰኞ ይመጣል፣ ሐሙስ ይመጣል። እዚህ ይተኛል።"

የቡናውን ግንድ ይዤ ቆምኩ። ብቻውን ነው ወይ አልኳት። ብቻውን ነው አለች። የሚመጣው ማንን ፈልጎ ነው አልኩ። ትከሻዋን ነቀነቀች።

"እኔ እንጃ። ፊቱ ጥሩ አይደለም። ውሃ ሰጠሁት፣ እንቢ አለ።"

ሰውየው ፊቱ ጥሩ ያልሆነ፣ ከሴት እጅ ውሃ የማይቀበል ሰው ሆኖ ታየኝ። ስልኬን አወጣሁ። ለጴጥሮስ ልደውል ብዬ ቁጥሩን እየፈለግኩ ሳለ ሴትየዋ ክንዴን ነካ አድርጋ ወደ መንገዱ ጠቆመችኝ።

"ይኸው። መጣ።"

ዳገቱን እየወጣች ያለችው ሔርሜላ ናት።

ሃያ ዓመት ዲላ ስኖር ይህን አነጋገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ሲሉ መስማት ለእኔ አዲስ አይደለም። በዚያ ሰዓት ግን ፍርሃቴ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። ወንድ የለም። ማንም የለም። እዚህ የሚመጣው፣ የሚተኛው፣ ፊቱ ጥሩ ያልሆነው የእኔው ልጅ ነው።

ብስክሌቷ ግራና ቀኝ ትዋልላለች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ወረደች ከማለት ወደቀች ማለት ይቀላል። ብስክሌቷን ሣሩ ላይ ለቀቀችና በጉልበቷ ሄዳ በጀርባዋ ተጋደመች። ደረቷ እንደ ወፍ ይመታል። እጇን ወደ ላይ አንሥታ ጣቶቿን ታያቸዋለች፤ ይንቀጠቀጣሉ። ብዙ ቆይታ ተነሥታ ተቀመጠች፣ ከብስክሌቷ ላይ ኮዳውን አወጣች፣ ውሃ ተጎነጨች። እፎይ ልል ስል አፏን አጉመጥምጣ መሬት ላይ ተፋችው። እንደገና ተጎነጨች፣ እንደገና ተፋች። በምላሷ ከንፈሯን ልትነካ ብላ ተወችው፣ በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ የቀረውን ውሃ አናቷ ላይ አፈሰሰች።

ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትጾምልሃለች ብዬ የተሳልኩት እኔ ነኝ።

ልጠራት ተንደረደርኩ። ከቡናው ወጥቼ መንገዱ ዳር ስደርስ ቀይ ቡና እስከ አፉ የጫነ መኪና መሃላችን ገብቶ በዝግታ አለፈ። መኪናው ሲያልፍ እሷ ብስክሌቷ ላይ ወጥታለች። ቁልቁለቱን ጀምራለች። ጭንቅላቷ አንዴ ወደ ደረቷ ወረደ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው፤ ቀና አለች፤ ታጠፈችና ከዓይኔ ጠፋች። እስክትደውል ድረስ የነበረውን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት ልጽፈው አልችልም። ለቃሚዋ አጠገቤ ተቀምጣ ቡናዋን እየመረጠች አብራኝ ቆየች።

ሱቅ እንደገባሁ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ወዳለው ባለ ሁለት አቆጣጠር ካሌንደር ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀቴ ላይ የነበሩት የፈረንጅ ቀኖች ናቸው፤ ኅዳርን ኅዳር ብዬ አላየሁትም ነበር። የመጀመሪያው ክፉ ጉዞ ያለበትን ቀን በጣቴ ፈለግኩት። ኅዳር አሥራ ስድስት፣ ማክሰኞ። ከላዩ፣ ሰኞ ኅዳር አሥራ አምስት ላይ፣ በቀይ "ጾመ ነቢያት ይገባል" ይላል። ቅዳሜዎቹ ለምን ደህና እንደሆኑ ከዚያ በኋላ የሚያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም። ቅዳሜ ጠዋት ሽሮና ዳቦ በልታ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ ነው የምትወጣው። እኔው ነኝ የማቀርብላት።

የመጨረሻውን መረጃ ከሰዓት በኋላ ሔርሜላ አመጣችልኝ። እያየችኝ ከፈትኩት። አሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ 181። ያልተቆጠረው ሃያ ስምንት ደቂቃ።

"እዚያ ነበርኩ" አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ምን ይሰማሻል ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኔ ይጨልማል አለች፣ አስፋልቱ ይርቀኛል፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን መያዜን አላውቀውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ታስቀሪኛለሽ።"

"ውሃውንስ? ማን ያይሻል እዚያ? ለምን ተፋሽው?"

"እማ፣ ስለቱ ያንቺ ነው። ብጠጣና ያን ቀን አንድ ነገር ብሆን፣ ዕድሜሽን ሙሉ በዚያች አንድ ጉንጭ ውሃ ነው ስትዪ ትኖሪያለሽ። አውቅሻለሁ።"

ልጄ እኔን ፈርታ ሳይሆን ለእኔ ፈርታ ነው ውሃውን የተፋችው። ለክልሉ የሚመርጡበት የማጣሪያ ውድድር ሐሙስ ነው፤ ከዲላ በወናጎና በይርጋጨፌ በኩል ፍስሐ ገነት ደርሶ መልስ። ሐሙስ ደግሞ የጾም ቀን ነው። እቤት ላስቀራት እችል ነበር፤ ይህን ሳስብ እሷም እያሰበችው እንደሆነ ከዓይኗ ገባኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጴጥሮስን ሱቅ ጠራሁት። እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ወረቀቱን ዝም ብዬ ሰጠሁት። መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ "ደግሞ ሁለት መቶ ስንት ገባ?" ብሎ። የዳገቱን ሁለት ዓምዶች ሲያይ ግን ተቀመጠ። በጣቱ እየተከተለ ሁለቴ አነበበው። እሱ የሚያየው አማካይ ፍጥነቱን ብቻ እንደነበር፣ እሱም ብዙ ስላልወረደ መደበኛ ድካም መስሎት እንደነበር ነገረኝ።

"ጠዋት ትበላለች አይደል?" አለ።

ነገርኩት። እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ጴጥሮስ የቃለ ሕይወት ሰው ነው፤ የእኛን ጾም ቀኑንም ሰዓቱንም አያውቀውም፣ ሔርሜላም አልነገረችውም። ወረቀቱን አጣጥፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"ወይዘሮ ብዙነሽ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ጾሟን ትተው ብል ሊያሰናክላት ነው ይሉኛል፤ ያንን አልልም። ግን ሳትበላና ሳትጠጣ ከመጣች መነሻው ላይ አላቆማትም። ፍስሐ ገነት ድረስ ያለውን ቁልቁለት እርስዎ አላዩትም።"

ቁልቁለቱን ሳላየው አይቼዋለሁ። ሌት ተቀን ሳየው ነው የኖርኩት።

የንስሐ አባታችን ጋ ደወልኩ። ለቀብር ወርቃ ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄደዋል፤ ስልካቸው ከአገልግሎት ውጪ ነው ይላል። እየደጋገምኩ እስከ ማታ ደወልኩ። እሳቸው አንዲት ቃል ቢሉልኝ ኃጢአቱም ፍርሃቱም ከእኔ ላይ ይወርድ ነበር። ስለቱን አፍርሼ ሐሙስ መኪና ቢገጫት ገብርኤል ነው የቀጣኝ እላለሁ። ስለቱን ጠብቄ ራሷን ስታ ገደል ብትገባ ደግሞ እኔ ነኝ የገደልኳት። ሁለቱንም አየኋቸው። በሁለቱም ያው ነጭ ነጠላ ለብሼ ያው መንገድ ላይ እሮጣለሁ።

ፈይዛ ሱቋን ስትዘጋ ቆማ ሰማችኝ። በእነሱ በኩል መንገደኛ እንደሚያፈጥር፣ ኋላ እንደሚከፍለው ነገረችኝ። የእኛ እንደዚያ አይደለም አልኳት።

"እሺ፣ እናንተስ ስለት የሰጣችሁት ለመልአክ አይደለም እንዴ?" አለች ቁልፏን እያዞረች። "መልአኩን አንቺን ያህል ጨካኝ አደረግሽው።"

ተቀየምኳት። መንገዱን ሁሉ ተቀይሜያት ሄድኩ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በሶ በጠበጥኩ፣ ድንች ቀቀልኩ፣ ሦስት ሙዝ አስቀመጥኩ። የፍስክ ምግብ አላቀረብኩም፤ ያንን ያህል አልደፈርኩም። አንድ ማሰሮ ውሃ ጠረጴዛው መሃል አኖርኩ። ሔርሜላ ለብሳ መጣችና ጠረጴዛውን አይታ ቆመች።

"ስለቱስ?" አለች።

"ስለቱ የእኔ ነው። የምጠየቀውም እኔ ነኝ። ዛሬ እኔ እስከ ማታ እጾምልሻለሁ። አንቺ ጠጪ።"

ብርጭቆውን አነሣች። እያየችኝ ነው የጠጣችው፣ ፊቴ ላይ የሚሆነውን እየጠበቀች። ጉሮሮዋ ሲወርድና ሲወጣ ቆጠርኩት። ሁለተኛውን ስትጠጣ ዞር ብዬ የድንቹን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ። በልቤ መልአኩን፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷን ተዋት፣ እሷ ልጅ ናት፣ እኔ እዚሁ ነኝ እያልኩ ስለምን ነበር።

ወደ መነሻው አልሄድኩም። ወደ ዳገቱ ጫፍ ሄድኩ። መንገዱን ፖሊስ ለውድድሩ ይዘጋል ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን ከወናጎ ወደ ላይ ስወጣ አራት የጭነት መኪናዎች ቆጥሬያለሁ፣ ሁለቱ የአሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞችን የጫኑ ናቸው። ያ ሣር ከማክሰኞ ጀምሮ እንደተኛ ነው። ፀሐይዋ ወጣች። እኔም ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም ስላልቀመስኩ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ልጄ እንዲህ ሆና ነው ይህን ዳገት አራት ሳምንት የወጣችው።

በመጀመሪያ ሁለት ሴቶች አብረው መጡ። ከዚያ አንዲት። ከዚያ ረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ስልኬን በእጄ ይዤዋለሁ፤ እንዲጠራም እንዳይጠራም እለምነዋለሁ። ከታች ከመታጠፊያው ቀይ ሰደርያ ብቅ ሲል ሰዓቴን ማየት ረሳሁ።

ብስክሌቷ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው። አፏ ተከፍቷል፣ ፊቷ በላብ ያብረቀርቃል። ስታልፈኝ አላየችኝም፤ ወይ አይታኝ ዝም ብላ ይሆናል። ሣሩ ላይ አልቆመችም። በአጠገቤ ስታልፍ ያየሁት ኮዳዋን ነው፤ ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል። ሁለት ጊዜ ረግጣ ጫፉን አለፈች፣ እጇን ወደ ፍሬኑ አወረደች፣ ጎንበስ አለች።

ከዚያ መታጠፊያው ዋጣት።

የጎማውን ድምፅ እስከምችለው ሰማሁት። ከእሷ በኋላ ሁለት ሴቶች አለፉ፣ ከእነሱም በኋላ አንድ የጭነት መኪና፣ ማንም ሳያስቆመው፣ ያንኑ ቁልቁለት ወረደ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ይርጋጨፌን ስታልፍ ጴጥሮስ ሊደውልልኝ ቃል የገባውን ስልክ እዚያው ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ።